ከጋሽ ወልዴ ሱቅ ማዶ ያለው ጣቢያ

ይቅርታ ጠይቂ የሚሉኝ ሰዎች በዝተዋል። ልጄ በስልክ ትለምነኛለች፣ የቀድሞ ባልደረቦቼ በቴሌግራም ይመክሩኛል፣ አንዱማ «ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል» ብሎ ጽፎልኛል። ያን ሁሉ ዘመን እንጀራ የበላሁበትን ራዲዮ ጣቢያ በበዓሉ ቀን አዋረድሽው ማለቱ ነው። ሰው በጩኸቱ ሲከሰስ አይቻለሁ። እኔ የተከሰስኩት ግን በቀጥታ ሥርጭት ላይ ማይክሮፎን ተሰጥቶኝ ዝም በማለቴ ነው። በራዲዮ ቤት ከዚህ የከፋ ኃጢአት የለም፤ ጀማሪዎችን ሳሠለጥን የኖርኩትም ይህንኑ እየነገርኩ ነው። የሆነው ሆኖ ይቅርታ አልጠይቅም። ለምን እንደማልጠይቅ እነግራችኋለሁ፤ እንደ ማንኛዋም ጡረተኛ ዞር ዞር ማለቴ ግን አይቀርም፣ ታገሡኝ።

ነገሩ የጀመረው ከናፍታሊን ሽታ ነው። ጣቢያው የምሥረታ በዓሉን ሊያከብር ነውና ከድሮ አንባቢዎች አንቺ ተመርጠሻል፣ በቀጥታ ሥርጭት የመክፈቻ ጽሑፍ ታነቢልናለሽ ተባልኩ። ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ። ሣጥኔን ከፍቼ ግራጫውን ኮትና ጉርድ አወጣሁ። ያን ልብስ የሰፋልኝ ከጣቢያው ማዶ ሱቅ የነበረው ጋሽ ወልዴ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በአንባቢነት የተመደብኩ ሰሞን ነበር። እቤት ውስጥ «ራዲዮ ላይ ማን ሊያይሽ ነው ሙሉ ልብስ የምታሰፊው?» እያሉ ሲስቁብኝ፣ እሱ ግን ሜትሩን ትከሻዬ ላይ ዘርግቶ «ተኮራምቶ የሚያነብ ሰው በድምፁ ይታወቃል። ይህ ኮት አያስኮራምትሽም» አለኝ። ጉርዱን እናቴ እንድትረካ ከጉልበት በታች አወረደው፣ እኔ እንድረካ ደግሞ ከጎኑ ትንሽ ሰነጠቀው። ያን ጊዜ ወንዱ እግሩ የሰፋ ሱሪና ወፍራም ሶል ያለው ጫማ አድርጎ፣ አፍሮውን አበጥሮ፣ ማበጠሪያውን ከኋላ ኪሱ ሽጦ የሚሄድበት ዘመን ነው። ናፍታሊኑን አራግፌ ኮቱን ስለካው ቁልፉ ገባ። ትንሽ ትንፋሼን መያዝ ነበረብኝ፣ ግን ገባ። ሥርጭቱን ሳልጀምር እሱ ጋ ሄጄ «ይኸው፣ አሁንም ይቆለፋል» ልለው ወሰንኩ። እውነቱን ለመናገር ከበዓሉ ይልቅ የጓጓሁት ለዚህ ነበር።

የዛሬውን ልደታ ለሚያውቅ ሰው የዚያን ጊዜውን ማስረዳት ይከብዳል። ፍርድ ቤቱ ነበር፣ ማርያም ነበረች፤ ሌላው ሁሉ እርስ በርስ የተደጋገፈ የጭቃ ቤት ነው። በሰንጋ ተራ በኩል አሁን ቀና ብላችሁ የማትጨርሱት ሕንፃ በቆመበት ቦታ፣ እኛ በስሙኒ ሻይ በቦምቦሊኖ እየጠጣን እግራችንን ዘርግተን እንቀመጥ ነበር። ጣቢያችን አንድ አሮጌ ቪላ ነው። ስቱዲዮው የቪላው ሳሎን ነበር፣ በሩም በቀጥታ ወደ በረንዳው ይከፈታል። ድምፅ እንዳይገባ ግድግዳውን በእንቁላል ካርቶን ሸፍነነዋል። ጣሪያው ግን ቆርቆሮ ስለሆነ፣ ክረምት ላይ ዝናቡ ሲወርድ ምንባቡን አቋርጠን ዘፈን እንለቅ ነበር። አድማጩ በሐምሌ ከምክር ይልቅ ዘፈን የሚበዛው ለምን እንደሆነ አያውቅም፤ ምናልባት እስከ ዛሬ የክረምት ፕሮግራም ይመስለው ይሆናል።

ከበረንዳው ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ የጋሽ ወልዴ ሱቅ። አንድ የእግር ሲንጀር፣ አንድ የከሰል ካውያ፣ መደርደሪያው ላይ አንቴናዋ በሽቦ የተጠገነ ራዲዮ። ደንበኛው አብዛኛው የፍርድ ቤት ሰው ነው፤ የጠበቆቹን ሱፍ ያጠባል፣ ያሰፋል። ከበሩ ኋላ ግን የማይሸጥ አንድ ጥቁር ኮት ሁልጊዜ ተሰቅሎ ነበር። ከገጠር ለክርክር መጥቶ ዳኛ ፊት በተቀደደ ልብስ መቅረብ ያሳፈረው ሰው ሲያጋጥመው ያውሰዋል። «ተከራክረህ ስትጨርስ መልሰህ ስቀላት» ይለዋል። ሰውየው ቢረታም ባይረታም፣ ኮቱ ሁሌ ተመልሶ ይሰቀላል።

ከጣቢያው ጋር ያስተሳሰረው ነገር ቀላል ነው። እኛ ስቱዲዮ ውስጥ ሆነን የምንሰማው ከመሣሪያችን የሚወጣውን እንጂ አየር ላይ የደረሰውን አልነበረም። ማሠራጫው ሌላ ቦታ ስለሆነ አንዳንዴ ሥርጭቱ ተቋርጦ እኛ ለራሳችን ስናነብ እንቆያለን። ስለዚህ ጠዋት ከመጀመራችን በፊት ቴክኒሻኑ መስኮቱን ከፍቶ ወደ ማዶ ይጣራል፦ «ጋሽ ወልዴ፣ ይሰማል?» ጥርት ብሎ ከተሰማ ጋሽ ወልዴ ቢጫ ሜትሩን ወደ ላይ ያነሳል። ከተንኮሻኮሸ መቀሱን ያወዛውዛል። እኛም ሜትሩን ካየን በኋላ ነው «እንደምን አደራችሁ» የምንለው። በጣቢያው ታሪክ ውስጥ ይህን የጻፈ የለም፤ ለበዓሉ ባሳተሙት አንጸባራቂ መጽሔት ላይም ብፈልገው አላገኘሁትም።

ባለቤቶቹ ሲቀያየሩ አየን። መጀመሪያ የአንድ መሥሪያ ቤት ነበርን፤ ስለ ክትባት፣ ስለ ጉድጓድ ውኃ፣ ስለ ፊደል እናስተምራለን፣ ካኪ የለበሱ አለቆች እየመጡ ጽሑፋችንን ያርማሉ። ቀጥሎ ወደ አንድ ማኅበር ዞርን፤ የዘፈን ምርጫ መጣ፣ «ለአክስቴ፣ ለአጎቴ፣ ለመላው የሰፈሬ ልጆች» እያልኩ ስም ስደረድር ምራቄ ይደርቅ ነበር። ከዚያ አንድ ነጋዴ ገዛን። ኤፍ ኤም ሆንን፣ ኤሲ ገባ፣ ስለ ኤሲው ተብሎ መስኮቱ ተደፈነ፣ በየዘፈኑ መካከል የሳሙና ማስታወቂያ ተሰካ። አሁን ደግሞ የወጣቶች ኩባንያ ይዞታል፤ ግማሽ እንግሊዝኛ፣ ግማሽ ሳቅ፣ የቀረው ስለ እግር ኳስ ውርርድ ነው። የጣቢያው ስም በየባለቤቱ ስለተቀየረ እኔ «ጣቢያው» ብዬ መጥራት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን ያልተቀየረችው የጋሽ ወልዴ የራዲዮ መርፌ ብቻ ናት። ኳስ አይወድም፣ ግን የኳሱን ወሬ እያጉረመረመ ይሰማል። ውርርድ ሲሉ «የሰው ልጅ ሊያስርቡ ነው» እያለ ይሳደባል፣ ግን አይዘጋም። አንድ ቀን ሰልችቶኝ «ጋሽ ወልዴ፣ ስንት ጣቢያ ሞልቶ፣ ለምን አትቀይረውም?» አልኩት። ከሲንጀሩ ቀና እንኳ ሳይል፦

«ባለቤቱ ይቀያየር። እኔ ለምን እቀየራለሁ? ቤቱ የነሱ ነው፣ ጆሮው የኔ ነው» አለኝ።

እኔ ይህን አነጋገር ወርሻለሁ። ውርስ የሚባል ነገር ካለኝ እሱ ነው።

ስለ ድምፅ ማጉያው ካልነገርኳችሁ ግን ነገሩ አይገባችሁም። የመጀመሪያዎቹ አለቆቻችን፣ ራዲዮ የሌለው ሕዝብም ይስማ ብለው፣ ከበራችን በላይ የቀንድ ቅርጽ ያለው ድምፅ ማጉያ አሰቀሉ። መንገደኛው ቆሞ ይሰማ ነበር። ሰፈራችን ውስጥ ድንኳን ከተተከለ ግን ዘበኛው ማንንም ሳይጠይቅ ሽቦውን ይነቅላል፤ እስከ ሠልስት ድረስ አይመለስም። ማንም አላዘዘውም። ጎረቤት ለቅሶ ላይ እያለ እቤቱ ራዲዮ የሚከፍት ሰው ያን ጊዜ አልነበረም፣ ጣቢያውስ ቢሆን ጎረቤት አይደለም? ሥርጭቱ ለአገር ይቀጥላል፣ ለሰፈሩ ግን ዝም እንላለን። ካኪ ለባሾቹም አልተቃወሙም፣ የማኅበሩ ሰዎችም።

በነጋዴው ዘመን የጋሽ ወልዴ ልጅ አልማዝ ሞተች። ትዳር ሳትይዝ፣ ገና ለጋ ሳለች። ዘበኛው ሽቦውን ሊነቅል ሲል የነጋዴው ምክትል ከለከለው፤ በዚያ ቀን በድምፅ ማጉያው እንዲሰማ የተከፈለበት ማስታወቂያ አለ አለ። ከስቱዲዮ ስወጣ ጋሽ ወልዴ ድንኳኑ በር ላይ ቆሟል። ከበራችን በላይ ስለ ሳሙና ይዘፈናል። ወንበር አስመጥቼ፣ ይህንኑ ጉርድ ሰብሰብ አድርጌ ወጣሁና ሽቦውን በእጄ በጠስኩት። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጠኝ፤ እንደ ሽልማት ነው የተቀበልኩት። ጋሽ ወልዴ ራዲዮዋን በጨርቅ ሸፍኖ እስከ አርባዋ ሳይከፍታት ቆየ። የአርባዋ ማግሥት ጠዋት፣ መስኮቱ ስለተደፈነ በሩ ላይ ቆሜ «ጋሽ ወልዴ፣ ይሰማል?» አልኩት፣ እየፈራሁ። ብዙ ቆየና ሜትሩን አነሳ።

እንግዲህ በዚያ በበዓሉ ቀን፣ ከሜክሲኮ ታክሲ ይዤ፣ ኮቴን ቆልፌ ልደታ ወረድኩ። ከዋናው መንገድ ሳልታጠፍ ገና የሞንታርቦው ዘፈን ደረቴን መታኝ። የጣቢያው ግቢ በፊኛ አሸብርቋል፣ በሩ ላይ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ድምፅ ማጉያ ግራና ቀኝ ተገትሯል። ታጥፌ ስመለከት ከመንገዱ ማዶ ድንኳን ተተክሏል። ሱቁ ዝግ ነው። እኔ ቤቴ ለልማት ከፈረሰ ወዲህ ከከተማው ዳር ነው የምኖረው፤ ከዕድሩም ወጥቻለሁ፣ የሰፈር መርዶ አይደርሰኝም። ግን እግሬ ከኔ ቀድሞ አወቀ መሰለኝ፣ መሃል መንገድ ላይ ቆመ፤ አንድ ሹፌር ጥሩምባውን ነፍቶ ሰደበኝ።

የጋሽ ወልዴ ባለቤት እትዬ ዘነበች ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ስታየኝ ዓይኗ መጀመሪያ ያረፈው ፊቴ ላይ አልነበረም።

«ጽጌዬ፣ ኮቱን ለብሰሽ መጣሽለት?» አለችኝ።

ጮኼ አለቀስኩ። ለቅሶዬን ራሴም አልሰማሁትም፤ የድንኳኑ ሸራ ከዘፈኑ ጋር ይንቀጠቀጣል። ከጎኗ ባለች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ራዲዮዋ በነጭ ጨርቅ ተሸፍና፣ ቢጫው ሜትር ላይዋ ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

«ትናንት ቀበርነው። ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ነው፣ ጽጌ» አለችኝ ጆሮዬ ውስጥ። «የዕድር ሽማግሌዎች ሄደው ለመኗቸው። ፕሮግራም አለን አሏቸው። አልቃሿ እንኳ ደክሟት ተወችው።»

«እኔ አለሁ» አልኳት። ምን እንደማደርግ ግን አላወቅሁም ነበር።

የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ሚኪ የሚባል ልጅ ነው፤ ክፉ አይደለም፣ ይህን እመሰክራለሁ። ግቢው በር ላይ እጁን ዘርግቶ ተቀበለኝ።

«ማዘር! የኛ ሌጀንድ! ይግቡ፣ ላይቭ ልንገባ ነው።»

«ሚኪ ልጄ፣ ማዶ ለቅሶ አለ። ይህን ነገር አጥፉት።»

«አውቃለሁ ማዘር፣ በጣም ያሳዝናል። ግን ስፖንሰሮቹ ተቀምጠዋል፣ ውል አለብን። አንድ ቀን ነው፤ ነገ ፀጥ ይላል።»

«ነገ ሠልስቱ ያልፋል። ሰውየው ማን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«ልብስ ሰፊ ነበር አሉኝ።»

«አድማጭህ ነበር።»

ፈገግ አለ። «ማዘር፣ የኛ አድማጭ አሁን ስልክ ላይ ነው። በዚያ ዕድሜ ያለ ሰው ታርጌታችን አይደለም።» ይህን ብሎ ጽሑፉን እጄ ላይ አኖረ።

ልመና አላውቅበትም፣ ስለዚህ ገባሁ። ስቱዲዮው ያው የድሮው ሳሎን ነው፤ የእንቁላል ካርቶኑ ሄዶ በስፖንጅ ተተክቷል፣ በሩ ግን አሁንም ወደ በረንዳው ነው የሚከፈተው። ከመስታወቱ ማዶ ተስፋዬን ሳይ ልቤ ትንሽ ተመለሰች። ተስፋዬ ከማኅበሩ ዘመን ጀምሮ ያለ ቴክኒሻን ነው፤ ያን ጊዜ መስኮት ከፍቶ ይጣራ የነበረው እሱ ነው። አሁን ፀጉሩ ሸብቷል፣ ጡረታውም ደርሷል። ወደ ስቱዲዮው በሚያወራበት ማይክ «የጋሽ ወልዴን ሰማሽ አይደል?» አለኝ። «ሰማሁ» አልኩት። ከዚህ በላይ አልተነጋገርንም። ግቢው ውስጥ ያለው ዘፈን ቆመና ሞንታርቦዎቹ ወደ አየሩ ተዛወሩ፤ ከእንግዲህ እኔ የምናገረው ነው በሩ ላይ የሚጮኸው። ቀዩ መብራት በራ።

ጽሑፉ እንዲህ ይጀምራል፦ «ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ከእናንተ ከአድማጮቻችን ተለይተን አናውቅም።» አነበብኩት። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፣ ኮቱ አያስኮራምትም። ቀጣዩ መስመር ስለ ስፖንሰሮቹ ነው። ወረቀቱን ገልብጬ አስቀመጥኩት።

«ይህ ውሸት እንዳይሆን አንድ ነገር ልናገር» አልኩ። «ከዚህ ጣቢያ ማዶ ጋሽ ወልዴ የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር። ጠዋት ጠዋት እሱ ሜትሩን ሳያነሳልን እናንተን እንደምን አደራችሁ ብለን አናውቅም። ባለቤታችን ሲቀየር፣ ስማችን ሲቀየር፣ እሱ ጣቢያ አልቀየረም። ትናንት ተቀብሯል። ድንኳኑ በራችን ላይ ነው። እኛ ደግሞ ስንዘፍንበት አረፈድን። በዚህ ቤት ወግ ጎረቤት ሲሞት ዝም እንላለን። የረሳችሁት ካላችሁ እኔ አልረሳሁም።» ከዚያ ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ ብዬ፣ እንደ ድሮው፣ «ጋሽ ወልዴ፣ ይሰማል?» አልኩ።

አፌንም ዘጋሁ።

የዛሬ ራዲዮ ዝም አይልም። ዝምታው ትንሽ ከረዘመ ኮምፒውተሩ ራሱ ዘፈን ይለቃል፤ ይህን አውቃለሁ፣ እየጠበቅሁትም ነበር። ዘፈኑ አልመጣም። ቀና ስል ተስፋዬ አንድ ቁልፍ ላይ ጣቱን ተጭኖ አቀርቅሯል። ኮምፒውተሩን ከልክሎታል። የጡረታ ደብዳቤውን ገና የሚጠብቅ ሰው መሆኑን ስታስቡት፣ የሱ ድፍረት ከኔ ይበልጣል።

ሚኪ ከመስታወቱ ኋላ እጁን አወናጨፈ። እኔ ተቀምጫለሁ። ሮጦ በበረንዳው በኩል ዞሮ መጣና በሩን በረገደው። ማይክሮፎኑ ገና ክፍት ነው። ሊናገር አፉን ሲከፍት የማዶው ለቅሶ ከኋላው ገባ። ሞንታርቦዎቹ ዝም ስላሉ አልቃሿ ተነስታለች። «ኮቱን ለድኻ የሚያለብሰው» እያለች ታወርዳለች፣ ሰዉ ይቀበላታል። ለቅሶው ተከፍቶ በቀረው በር ገብቶ፣ በማይክሮፎኑ በኩል ወጥቶ፣ አየር ላይ ዋለ። ታርጌት ያሉት ሁሉ፣ ስልኩ ላይ ያለውም፣ ታክሲ ውስጥ ያለውም፣ ጋሽ ወልዴን አለቀሰው ማለት ነው። ሚኪ ደፉ ላይ ቆሞ ቀረ። ሰማው። እኔ ስነሳ ገና ቆሞ ነበር።

«ማዘር፣ ከዚህ በኋላ እዚህ ግቢ አይገቡም» አለኝ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ከዚህ ግቢ ትወጫለሽ ያሉኝ ካንተ በፊትም ነበሩ፣ ልጄ» አልኩት። «አሁን የት እንዳሉ ማንም አያውቅም። እኔ ግን ይኸው አለሁ።»

ሞንታርቦዎቹ ከዚያ በኋላ አልጮኹም። ማን እንዳጠፋቸው አልጠየቅሁም። ሥርጭቱ በኋላ ቀጥሏል፣ ውርርዱም ቀጥሏል፣ እኔን የሚመለከት የክስ ወሬም አለ ይባላል። ይክሰሱኝ። ፍርድ ቤቱ ሰፈራችን ነው፣ ለብሼ የምቀርበው ኮትም አለኝ።

መንገዱን ተሻግሬ ድንኳኑ ውስጥ ከእትዬ ዘነበች አጠገብ ተቀመጥኩ። አልቃሿ ትንፋሽ ልትወስድ ዝም ብላ ነበር። እትዬ ዘነበች አላየችኝም፣ ወደ ጣቢያው በር እያየች ነው። እጇን ዘርግታ ከራዲዮዋ ላይ ቢጫውን ሜትር አነሳችና ይዛው ቆየች። ከዚያ ማዶ ያለ ሰው ሊያየው በሚችልበት ከፍታ ወደ ላይ አነሳችው።

«ይሰማል» አለች።